ከኋላ መምጣት

ሥልጠናው ከተጀመረ ወዲህ ሔዋን ዓይኗን ከመሲ ላይ አላነሣችም።

ደብረ ማርቆስ ያለው የውኃ ሥራ ቢሮ ሠራተኞቹን የሰበሰበው የእጅ ፓምፕ መጠገኛ መመሪያ በቀላል እንግሊዝኛ እንዲጽፉ ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ለአንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ።

«ፎሎው ማለት ከኋላ መምጣት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም» አሉ አሠልጣኙ አቶ እንዳላማው። «መመሪያ ማክበር ለማለት ስትፈልጉ ኦቤይ በሉ።»

«ዲማ ቅኔ ቤት ቢሰሙዎት ያባርሩዎታል» አለ አምደሚካኤል። «እኛ አንዱን ቃል ለሁለት ስንሰነጥቅ ነው ያደግነው።»

«አንተ ስትሰነጥቅ መካኒኩ ጣቱን ይቆረጣል።»

ክፍሉ ሳቀ። መሲ እየሳቀች የአምደሚካኤልን ኮሌታ ያዝ አደረገችና የጠመኔውን ብናኝ አራገፈችለት። ሰው ፊት ነው እንግዲህ፤ አላፈረችም። ሔዋን አንገቷን ደፋች።

አምደሚካኤል ሻዩን ሳያማስል እንደሚጠጣ፣ ሲጨንቀው የግራ ጆሮውን እንደሚያሻሽ ሔዋን ታውቃለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አይታዋለች። ልቧ ውስጥ ያለውን አውጥታ መናገር ግን አልሆነላትም።

ከሰዓት በኋላ አቶ እንዳላማው መመሪያውን ለመጨረስ ሁለት ሰው ባሕር ዳር አንድ ወር እንደሚቀመጥ ተናገሩ። አንዱ አምደሚካኤል ነው።

«ሌላውስ ማን ይሁን?»

የሔዋን እጅ ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ አለ።

«እኔ አብሬው እሄዳለሁ» አለች መሲ።

«እናንተንማ ማን ይለያችኋል» አሉ አቶ እንዳላማው። ሁሉም ሳቀ። ሔዋን እጇን ጠረጴዛው ሥር ደበቀች።

ሲወጡ መሲ ጠጋ አለቻት። «ሔዊ፣ ምነው ፊትሽ?»

«ራሴን አሞኝ ነው።»

ዛሬ ግን ልትነግራት ቆረጠች። ልትላት ያሰበችውን ሁሉ በሕጉ መሠረት እያሳጠረች፣ እያሳጠረች አንድ ቃል ላይ አደረሰችው። ተይልኝ። ሌላ ትርጉም የለውም።

መሲና አምደሚካኤል በአንድ ጃንጥላ ወደ መናኸሪያው ወረዱ። ሔዋን ወደ ቤቷ የሚወስደውን መታጠፊያ አልፋ፣ ካፊያው እየመታት ተከተለቻቸው። አንድ የቆርቆሮ በር ጋ ቆሙ። መሲ እጇን አምደሚካኤል ኮት ኪስ ውስጥ ከተተችና ቁልፍ አወጣች። ሔዋን እርምጃዋን አፈጠነች። ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደረሰ።

በሩ ተከፈተ፤ አምደሚካኤል ቀድሞ ገባ። መሲ ልትከተለው ስትል ዘወር ብላ አየቻት።

«አምዴ፣ በሩን እንዳትዘጋው፤ ሚዜያችን ከኋላ እየመጣች ነው።»