ከነቀምቴ የተዘጋው ገጽ

ገቢሳ በአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም የነቀምቴ ዋና መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሠራተኛ ነው። እሱ እዚህ አንድ ነገር ሲነካ ዲጋም አንገር ጉቲንም ያሉት የቅርንጫፍ ብሮውዘሮች እኩል ይታዘዙለታል። የትኛው የኢንተርኔት ገጽ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ወሳኙ እሱ ነው። የራሱ ቅጥር ግን በእጁ አይደለም፤ ኮንትራቱ በወሩ መጨረሻ ያበቃል፣ የሚስቱ መውለጃም ደርሷል።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ሞረዳ አስጠሩት።

«ከሠራተኞቻችን ሥራ የሚያፈላልግ አለ። የሥራ ማስታወቂያ ገጾቹን በሙሉ ዝጋ። የማንም እንዳይቀር፤ የእኔም፣ ያንተም።»

«እሺ፣ ኦቦ።»

«ማን እንደሆነም ድረስበት። አሠራሩን ደግሞ ለጸሐፊዬ አሳያት፤ አንተ ብትታመም ሥራ እንዳይቆም።»

ገቢሳ ደስ አለው። ይህን ያህል ካመኑኝማ ቋሚ ያደርጉኛል አለ። ከሰዓት በፊት ሁሉንም ዘጋ።

በማግስቱ ከአንገር ጉቲን ቅርንጫፍ ሩክያ ደወለች። የወሎ ሰፋሪዎች ልጅ ናት፤ ቁጥብ ስለሆነች እስከዛሬ ደውላለት አታውቅም።

«ኦቦ ገቢሳ፣ የሥራ ማስታወቂያውን ምነው ዘጉብን?»

ጆሮው ቆመ። «አንቺ ምን ያደርግልሻል?»

«ትናንት ለእኅቴ ሳፈላልግ አንድ ነገር አይቼ ነበር። በስልክ የሚወራ አይደለም፤ ሰው አለ። በአላህ ይሁንብዎ፣ የእርስዎን እንኳ ይክፈቱት።»

እኅት ተገኘችና! ጭራሽ የእኔን ክፈት ትለኛለች! ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የሩክያን ግን የተዘጋ ገጽ አወጣው።

ከዚያ በኋላ ደጋግማ ብትደውልም አላነሳላትም። «አርብ ነቀምቴ እመጣለሁ፣ ለብቻችን እንነጋገር» ብላ መልእክት ስትልክ ጥርጣሬው እርግጥ ሆነ። ልትለማመጠኝ ነው፣ ቀድሜ መናገር አለብኝ አለ።

አርብ ጠዋት ኦቦ ሞረዳ ቢሮ ገባ።

«አገኘኋት፤ ሩክያ ናት።»

ሥራ አስኪያጁ ብዙም አልተገረሙም። «ከሰኞ ጀምሮ እንዳትገባ አደርጋለሁ» አሉና እጁን ጨብጠው ሸኙት። ትንሽ ከነከነው፤ የሚስቱን ሆድ ሲያስብ ግን ተወው።

ወደ ራሱ ክፍል ሲመለስ ሩክያ ቆማ ስትጠብቀው አገኛት። ሻርፗ የመንገድ አቧራ ለብሷል።

«ሥራ ስትፈልጊ ተያዝሽ አይደል?» አላት።

ሩክያ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«ወላሂ፣ እኔስ ሥራ አልፈልግም። ሰኞ ባየሁት ማስታወቂያ የወጣው የእርስዎ ቦታ ነው፤ ምዝገባው ደግሞ ዛሬ ያበቃል።»