የጨረቃዋ እድርተኛ

ሌላው ዓለም ወደ ጨረቃ ስለሚሄደው ሮኬት ሲከራከር፣ የዋርካው ሰፈር እድር በዚያ እሑድ ድንኳን ጥሎ የተሰበሰበው ስለ ስንዱ ለመነጋገር ነበር። የወይዘሮ ትርፌ ልጅ ስንዱ በያጅ ናት፤ ጨረቃ ላይ የታቀደውን መንደር እንድትገነባ ተመርጣለች። የሄደ ሰው ደግሞ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አይመለስም።

"ደንባችን ከከተማ የወጣ አባል ይሰረዛል ይላል" አሉ ሰብሳቢው ጋሽ ዘርጋው።

"ይሰረዛላ!" አሉ ወይዘሮ በላይነሽ። "ምድሩ ሞልቶ ሳለ ሰማይ ላይ ቤት መሥራት ምን የሚሉት ጥጋብ ነው?"

ወይዘሮ ትርፌ ብድግ አሉ። "አዲስ አበባ የገባው ልጅሽ ፊቱን ካሳየን ስንት ጊዜው ነው? ጨረቃ እኮ ማታ ማታ ጣሪያችን ላይ ናት!"

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ፤ በላይነሽም ሳይወዱ ሳቁ። ስንዱ በአባልነቷ እንድትቀጥል በድምፅ ብልጫ ተወሰነ።

"ጥሩ። ቀብር መድረስ ያልቻለ አባል ግን ተወካይ ይልካል" አሉ ጋሽ ዘርጋው። "የስንዱ ተወካይ ማን ይሁን?"

"እኔ አለሁላት!" አሉ ትርፌ ኮራ ብለው።

ጋሽ ዘርጋው ጻፉ። ከዚያም እንደ ልማዳቸው፣ ሳያስቡት፣ "የእርስዎ ቀብር ሲሆንስ?" ብለው ጠየቁ።

ትርፌ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ላይ ዐሥራ ሁለት ደመሩና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ፤ የበላይነሽ ነበር።

"እኔን ጻፉኝ" አሉ። "ግን ትርፌ፣ ልጅቷ እስክትመለስ ባትሞቺ ይሻልሻል፤ እኔ ለቅሶ አልችልበትም።"