የሐምሌ ገብርኤል ጥላ

አየር ኃይል ዕጩ መኮንን እንደሚመዘግብ ከሰማ ጀምሮ ጎህ ሲቀድ እየተነሳ ይሮጣል። ቤቱ ውስጥ ያሉት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። እሷ ደጅ ቆማ ትጠብቀውና በላብ የራሰ ካናቴራውን ተቀብላ ታጥብለታለች።

«ለገብርኤል ጥላ ተስያለሁ» አለችው አንድ ቀን።

«በቃ፣ አብራሪ ሆንኩ በይኛ እማዬ!» ብሎ ሳቀ። እሷ ካናቴራውን ጨመቀች።

ሩጫውንም የጽሑፍ ፈተናውንም አለፈ። ሐኪሞቹ ግን ቀዩን ከአረንጓዴው በወጉ አትለይም ብለው መለሱት። መንገዱን ሙሉ ያስጨነቀው ለእናቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት ነበር። ሲነግራት ግንባሩን ሳም አድርጋ፣ «እሱ ያለው ይሆናል፣ ልጄ» አለችው። ከዚያ ወዲያ ጓደኞቹን እየሸሸ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ይውል ጀመር።

የሐምሌ ገብርኤል ሲደርስ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጥላ ገዝታ መጣች።

«አልተሳካልኝም እኮ እማዬ፤ ጥላው ምን ያደርጋል?»

«ከመልአክ ጋር ቀልድ የለም። ይልቅ ተነስና ተሸከምልኝ።»

ተሸክሞ ተከተላት። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ስለት ተቀባዩ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጣት፤ እሷም ልጇን በጎን እያየች አንሾካሾከችለት። ሰውየው ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«‹ብቻዬን እንዳልቀር፣ አንድ ልጄ አየር ኃይል ሳይገባ ይቅርልኝ› ብላ የተሳለች እናት፣ ስለቷ ሰምሮላት ጥላዋን ይዛ መጥታለች! እልል በሉላት!»

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ዲያቆኑ ጥላውን ሊቀበል ወደ ልጁ እጁን ዘረጋ።