የተሸለተችው በግ ምልክት

ጉንፋኑ በየዓመቱ መልኩን እየቀየረ ከመጣ፣ ሰውነት በምን ያውቀዋል? አያቲቱ ይህን እየጠየቁ በሩን ይዘው ቆሙ። ነፍሰ ጡሯ የልጅ ልጃቸው፣ ጉንፋን ለጣላቸው ጎረቤት ለእማሆይ ወለተ ኢየሱስ የገብስ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ልትወጣ ነበር።

«እማማ፣ በጋችን ተሸልታ ከሌላ ሰው መንጋ ብትቀላቀል በምን ይለዩዋታል?»

«በጆሮዋ ምልክት ነዋ! ጸጉሯ ቢሸለት ጆሮዋ የት ይሄዳል?»

«ቫይረሱም ላዩ እንጂ ውስጡ ብዙ አይለወጥም። ታሞ የዳነ ሰው ደም ውስጥ ያንን ምልክት የሚያስታውሱ ሴሎች አሉ። መያዙን ባይከለክሉ እንኳ እንዳይጸና ያግዛሉ።»

«አንቺን ስንቴ ይዞሽ ያውቃል? በኔ ሰባ ክረምት ሙሉ ተመላልሶብኛል።»

ልጅቱ ሳቀች። አያቲቱ ግን ሆዷን አዩ፤ የሱፍ ባናቸውን ተከናነቡ፤ ፔርሙሱን ከእጇ ወስደው ራሳቸው ወደ እማሆይ ቤት ወጡ።