ራሕማን ፍለጋ የመጣው ሰው

«ራሕማን ጥራልኝ... ወንድሟ ነኝ።»

ኤርሳዶ ከኮምፒውተሩ ቀና አለ።

በሩ ላይ የቆመው ሰው ከቦሌ ኤርፖርት በቀጥታ ነው የመጣው። የቢሮውን አድራሻ ያገኘው ኤርሳዶ ከሚያድለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ ነው።

«የ... የቷ ራሕማ?»

«ደንበኛህ ናት! ገርጂ የምትኖረዋ!»

ኤርሳዶ ከወንበሩ ተነሳ...

ራሕማ የምትባል ደንበኛ የለችማ! ራሱ ነው የፈጠራት።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ጊዜው 1991 ዓ.ም. ነው። ኢንተርኔት ለሸገር ገና ብርቅ ነበር። ኤርሳዶ ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ጠባብ ቢሮ ተከራይቶ በኮምፒውተር አማርኛ የሚያስጽፍ ፕሮግራም ሠራ።

ግን የሚሞክርለት ሰው አጣ።

በየአገሩ ያሉ ኢትዮጵያውያን በኢሜይል የሚወያዩበት ቡድን ነበር። እዚያ ገብቶ «ፕሮግራሜን ሞክሩልኝ» ብሎ ጻፈ።

ዝም።

ደግሞ ጻፈ። ዝም...

ታዲያ ምን አደረገ? በሌላ ስም ገባ።

«ራሕማ እባላለሁ። ትውልዴ ደሴ ነው፣ አሁን ገርጂ ነው የምኖረው። ይሄን ፕሮግራም ሞክሬው በጣም ወደድኩት!»

ሠራለት! ሰው በላይ በላዩ ይጠይቀው ጀመር።

አንድ ቀን ግን ለ«ራሕማ» ከዱባይ መልእክት መጣላት።

«የደሴዋ፣ የኛዋ ራሕማ ነሽ? በ83ቱ ግርግር የጠፋሽው? ወንድምሽ አብዱልገኒ ነኝ። እባክሽ አለሁ በይን።»

ኤርሳዶ መልእክቱን ደጋግሞ አነበበው። እውነቱን ቢናገር ቡድኑ በሙሉ ሊሰማ ነው። ያገኛቸው ሰዎች ሊበተኑ ነው።

«አለሁ። አታስቡ» ብሎ መለሰ።

ከዚያ ወዲያ የራሕማን ኢሜይል አልከፈተውም...

ያ አብዱልገኒ ነው አሁን ፊቱ የቆመው።

«ጋሼ...» አለ ኤርሳዶ። «ራሕማ የለችም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሰው እንዲያምነኝ ብዬ...»

አብዱልገኒ አልጮኸም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«አለሁ ያለችኝስ?»

«እሱም እኔ ነኝ...»

አብዱልገኒ ቀጠለ።

«እናታችን ታማ ነበር። ደሴ ደውዬ መልእክትህን አነበብኩላት። 'አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ በሕይወት አለች' አለች... እየሳቀች። በዚያው ሳምንት ሞተች።»

ኤርሳዶ አብዱልገኒ እግር ላይ ወደቀ። «ይቅር በለኝ!»

«ስንት ዓመት ያልሳቀችውን እናቴን አስቀህ ሸኘሃት። እኔን ግን እህቴን ለሁለተኛ ጊዜ አሳጣኸኝ። ልመርቅህ ወይስ ልርገምህ... አላውቅም።»

ተነስቶ ወጣ።

ኤርሳዶ ያንኑ ቀን እውነቱን ለቡድኑ ጻፈ። ሰዉ ሰደበው፣ ፕሮግራሙንም ጣለው። ቢሮው ተዘጋ።

ዛሬ ኤርሳዶ ጎልማሳ ነው፤ ሌላ ሥራ ይሠራል። ግን ራሕማ እስካሁን በሕልሙ ትመጣበታለች። ፊት የላትም።

«አለሁ ስትል... የት ነው ያለሁት?» ትለዋለች።

ወገኖቼ... ተከታይና ደንበኛ ለማግኘት ብለን እንደዋዛ የምንፈጥረው ስም፣ እዚያ ማዶ አንድ ቤት ሙሉ የሚያለቅስበት ስም ሊሆን ይችላል። ሰው ሲዘገይባችሁ በራሳችሁ ስም ታገሱ።

እናንተ አብዱልገኒን ብትሆኑ ኤርሳዶን ይቅር ትሉት ነበር? ወይስ...? እስቲ ከልባችሁ የመጣውን ከታች ጻፉልኝ 👇