ያልተነካው መስመር

በሆስፒታሉ የኔትወርክ ክፍል የሚሠራው ሰው የኢንተርኔት አጠቃቀሙን የሚያሳየውን ግራፍ ስምንት ወር ሙሉ ሲያየው ኖሯል። ለቆላው ጤና ጣቢያ የተመደበው የኢንተርኔት ድርሻ አንድም ቀን ተነክቶ አያውቅም። የሆስፒታሉ ሠራተኞች ደግሞ "ኔትወርኩ ጨረሰን!" እያሉ ጠዋት ማታ ይጮኹበታል። አንድ ሰኞ ድርሻውን ቀንሶ ለሆስፒታሉ ቢሮዎች አከፋፈለው። ለጤና ጣቢያው አልነገረም፤ የሚያጣው ሰው ያለ አልመሰለውም።

ሐሙስ ዕለት ከጤና ጣቢያው ለሆስፒታሉ ሐኪም የተላከ፣ ምጥ የያዛት የአንዲት እናት የአልትራሳውንድ ምስል መስመሩ ስለጠበበ መንገድ ላይ ዘገየ። ምስሉ ሲደርስ ሕፃኑ ሞቶ ነበር።

ሰውየው ሦስት ቀን እህል በአፉ አልዞረም። በሳምንቱ ጥፋቱን ሊናገር ወደ ቆላ ወረደ። ኃላፊዋ ሲስተር ዘውድነሽ በር ላይ ተቀበሉት።

"ሲስተር፣ የመጣሁት ስለዚያ መስመር..." ብሎ ሳይጨርስ እንባቸው ቀደመው።

"አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ አፍረናል። ለጭንቅ ቀን ይሁን ብለን ማንም እንዳይነካው ስንጠብቀው ነበር። ዐረብ አገር ያለች ልጄ ናፍቆቷ ሲገድለኝ እንኳ አልደወልኩበትም። ያን ቀን ግን አንዱ ለስልኩ ከፈተውና ምስሉ ዘገየ።"

"ማንም አልከፈተውም፣ ሲስተር። እኔ ነኝ..."

"ኧረ አትሸፍንልን! ዘበኛው ባንተይርጋ ነው፤ ስልክ የሚነካካው እሱ ነው። 'በልጆቼ እምላለሁ' ቢልም አልሰማነውም፣ አባረርነው። ትናንት ልጆቹን ይዞ አገር ለቆ ሄደ።"