የአናጢው ጀርባ

አናጢው መጋዙን ሞርሳው ላይ ጠበቅ አድርጎ አሰረና ጥርሱን ሊስል ሞረዱን አነሳ። ዓይኑ ደክሟል፤ ይህን ሙያ ዛሬ ለሰው ካላሳየ ከርሞ የመጋዙን ጥርስ እንኳ አይለይም። «ባለሙያ እንፈልጋለን» ብሎ በሩ ላይ ከለጠፈ ስድስት ወር አልፎታል። የመጣው ሁሉ የምስክር ወረቀቱን ይዘረጋል፤ መጋዝ ሲሰጡት ግን እንደ እባብ በሩቁ ይይዘዋል። አሁን አጠገቡ የቆመችው ልጅ ብቻ «አልችልም፣ ካሳዩኝ እለምዳለሁ» ብላ ገባች።

«ቀረብ በይ ልጄ» አላት። «ሠላሳ ዓመት ለሠራተኛ ያላሳየሁትን ነው የማሳይሽ። ያየ ሁሉ ነገ ማዶ ሱቅ ይከፍትብኛል እያልኩ ስደብቅ፣ ይኸው ብቻዬን ቀረሁ።»

«እኔን አይስጉ ጋሼ። የማዶውን ኪራይ ማን ችሎት?»

ሳቅ አለና ጎንበስ ብሎ መሞረድ ጀመረ። እጁ ዓይኑን ሳይጠብቅ መንገዱን ያውቃል፤ ጥርስ በጥርስ እየተከተለ ሲሄድ ልቡ ሞቅ አለው። «አየሽ? እዚህ ጋ ሞረዱ ትንሽ ያጋድላል። ምስጢሩ ይቺው ናት። አየሽ አይደል?»

የልጅቱ ኮቴ በቀኙ በኩል ሲዞር ሰማ፤ ቆይቶ ደግሞ በግራው።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ የሚታየኝ ጀርባዎ ብቻ ነው።»

አናጢው ደነገጠ። ትከሻውን ዘወር አድርጎ፣ ጎኑን ሰጥቷት እንደገና ሊሞርድ ሞከረ። ሠላሳ ዓመት በጀርባው እየከለለ የሞረደ እጁ ግን ሌላ አቋቋም ለምዶ አያውቅምና፣ ሞረዱ ከጥርሱ ላይ ሸርተት አለበት። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ሸርተት አለ።